ከምግብ ትርፍራፊ ነዳጅ፦ በእርሾ ኤታኖል ይሻላል ወይስ ባዮጋዝ?

"ከዳቦ ፍርፋሪ ነዳጅ ሠራ" የሚሉ ቪዲዮዎች ኢንተርኔቱን ሞልተውታል። አንድ ባልዲ የደረቀ ዳቦ፣ ትንሽ እርሾ፣ አንድ ድስት፣ አንድ የመዳብ ቱቦ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ነበልባል። ውሸት አይደለም፤ ይሠራል። ቪዲዮው የማያሳየው ግን ድስቱ ስር ምን ያህል እንጨት ወይም መብራት እንደነደደ ነው። የምግብ ትርፍራፊን ወደ ነዳጅ ልቀይር ብሎ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ወሳኙ ጥያቄ እሱ ነው። እርሾው ሥራውን ያውቃል፣ ሺህ ዓመት ሠርቶታል። እሳቱን ከየት ታመጣላችሁ?

ስለዚህ እዚህ ላይ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፦ በእርሾ የሚሠራ ኤታኖል (የሚነድ አልኮል)፣ ባዮጋዝ (ትርፍራፊው አየር በሌለበት ሲብላላ የሚወጣው የሚነድ ጋዝ)፣ ከዘይት የሚሠራ ባዮዲዝል፣ ማቃጠል። እኩል ቦታ አልሰጣቸውም፣ እኩል አይደሉምና። ትልቁ ፉክክር በኤታኖልና በባዮጋዝ መካከል ነው።

ነዳጅ ከማሰባችሁ በፊት

ሰው ሊበላው የሚችል ምግብ ነዳጅ መሆን የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆቴልና ከካፍቴሪያ የተረፈውን "ቡሌ" ብሎ ገዝቶ የሚያድር ሰው ቀላል አይደለም። ንጹሕ ሆኖ የተረፈ ምግብ ካላችሁ ሳይበላሽ፣ በሰዓቱ፣ በንጹሕ ዕቃ ለሰው ይድረስ። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ቀጥሎ ከብት። የጠላና የአረቄ አተላን፣ የቢራ ፋብሪካውን የብቅል ተረፈ ምርት ከብት አርቢዎች ይሻሙበታል። ደህና የደረቀ እንጀራና ዳቦም ለላም ይሆናል፣ ገዢም አያጣም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የሻገተውን ለላም አትስጡ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ላሟ በልታው ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ወተቱን ደግሞ ልጆች ይጠጡታል። የሻገተ፣ የተቀላቀለ፣ የቆየ፣ ወጥ የነካው፣ ማንም የማይፈልገው ትርፍራፊ ነው ለነዳጅ የሚሆነው። ይሄ ነገር ምርጫችሁንም ይወስነዋል፤ ምክንያቱም ቀጥዬ እንደማሳየው እርሾ የሚወደው ከብት የሚወደውን ንጹሑን ነው፣ ባዮጋዝ ግን የተጨማለቀውንም አይጠላም።

እርሾ ምን ይበላል?

ስኳር። ሌላ ምንም። ስታርች (የእህሉን ዱቄታማ ክፍል) አይበላም፣ ቅባት አይበላም፣ የጎመን ግንድና የብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ያለውን ቃጫም አይነካም። ስኳሩን በልቶ ግማሹን ኤታኖል፣ ግማሹን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ቁጥሩ በኬሚስትሪ የታወቀ ነው፦ ከአንድ ኪሎ ግሉኮስ ቢበዛ 510 ግራም ኤታኖል፣ ማለትም 0.65 ሊትር ገደማ ይወጣል። ከአንድ ኪሎ ስታርች ቢበዛ 0.72 ሊትር፤ ስታርች ወደ ስኳር ሲፈርስ ውሃ ስለሚጨመርበት ክብደቱ ከፍ ይላል። ይህ ጣሪያው ነው። ጥሩ አድርጎ የሠራ ሰው ከዚህ ሰባ፣ ሰማንያ በመቶውን ያገኛል፣ ያልተጠነቀቀ ግማሹንም ላያገኝ ይችላል።

በቤታችን ዕቃ እናስላው። እንጀራ ከመቶ ከስልሳ በላይ ውሃ ነው። አሥር ኪሎ ትርፍራፊ እንጀራ ቢደርቅ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ይቀራል፣ ከዚያ ውስጥ ሰባ በመቶ ያህሉ ስታርች ነው። የሚወጣው ኤታኖል በተግባር ከ1.2 እስከ 1.5 ሊትር ይሆናል። ዳቦ ውሃው ስለሚያንስ ይሻላል፦ ከአሥር ኪሎ 2.5 ሊትር አካባቢ። የበሰለ ማንጎ ሥጋው ውስጥ 14 በመቶ ያህል ስኳር ስላለው ከመቶ ኪሎ ሰባት ሊትር ገደማ ይገኛል፣ ብቅል እንኳ ሳያስፈልገው። አቮካዶ? እርሱት። ቅባት ነው፣ ስኳር የለውም።

የወጥ ትርፍራፊ ላይ እርሾ ይቸገራል። ጨውና ዘይት አለበት፣ ከዚያም በላይ ወጡ እስኪደርስላችሁ ድረስ ባክቴሪያዎች ቀድመው ስኳሩን ወደ አሲድ ቀይረውታል። ስለዚህ ሽሮና ቀይ ወጥ የነካውን እንጀራ ለኤታኖል ብሎ መድከም ውጤቱ ትንሽ ነው።

ሥራው ራሱ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ጠላ የጠመቀች፣ ድፍድፍ የደፈደፈች እናት ግማሹን ታውቀዋለች። ዳቦው ወይም እንጀራው ይዘፈዘፋል፣ ይፈላል፣ እስኪላላ ይማሰላል። ወደ 65 ዲግሪ ሲበርድ የተፈጨ ብቅል ይገባበታል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚያፈርሰው የብቅሉ ኢንዛይም ነው፣ ከ70 ዲግሪ በላይ ከሆነ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ በጣም ከቀዘቀዘም ሥራው ይጓተታል። አንድ ሰዓት ያህል በዚያ ሙቀት ከቆየ በኋላ ከፈሳሹ አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርጉና ከፋርማሲ የሚገዛውን አዮዲን አንድ ጠብታ ጣሉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከዞረ ገና ስታርች አለ፣ ጠብቁ። የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም ካልተለወጠ ስታርቹ አልቋል። ይቺ ጠብታ ብዙ ድካም ታድናለች፤ ብዙ ሰው "እርሾው አልሠራም" የሚለው ስታርቹ ስኳር ሳይሆን እርሾ ስለጨመረበት ነው።

ከዚያ ወደ 30 ዲግሪ ይበርድና የዳቦ እርሾ ይገባበታል። ክዳኑ ይዘጋል፣ ቀጭን ቱቦ ከክዳኑ ወጥቶ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ ጋዙ እየተንቦጫቦጨ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። ሙሉ በሙሉ እንዳትደፍኑት፣ ይፈነዳል። ሦስት አራት ቀን በቂ ነው፤ አዲስ አበባ ክረምት ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ካልጠቀለላችሁበት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፣ ኤታኖሉ ወደ አሲድ እየሄደ ነው፣ ቶሎ ካልደረሳችሁ ነዳጁ ጠፋ።

እስከዚህ ድረስ ርካሽና ቀላል ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው።

እሳቱን እናስላ

በእጃችሁ ያለው ድፍድፍ አልኮሉ ስምንት በመቶ ነው እንበል። አንድ ሊትር ኤታኖል ለማግኘት አሥራ ሁለት ሊትር ተኩል ፈሳሽ ማፍላት አለባችሁ። ፈሳሹን እስከ መፍያው ማሞቅና ሲሶውን ያህል ማትነን 12 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ያውም ድስቱ ውስጥ የገባው ሙቀት ብቻ ተቆጥሮ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ድስቱ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ከመቶ ከ10 እስከ 15 ነው። ስለዚህ ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ደረቅ እንጨት ትማግዳላችሁ። እሱ እንጨት ውስጥ ያለው ኃይል ከ80 እስከ 120 ሜጋጁል ነው። የምታገኙት አንድ ሊትር ኤታኖል ግን 21 ሜጋጁል ነው የሚይዘው።

በሌላ አነጋገር አምስት ብር ከፍላችሁ አንድ ብር ታገኛላችሁ።

ያም ሆኖ ገና አልጨረሳችሁም። አንድ ጊዜ የወጣው ፈሳሽ ገና ግማሹ እንኳ አልኮል አይደለም። ሁለት ጊዜ የሚወጣው ዳግም አረቄ ራሱ አልኮሉ 45 በመቶ አካባቢ ነው፣ እሱ ደግሞ ምድጃ ላይ በደንብ አይነድም። ለምድጃ 85፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ ይህም ሌላ ማጣሪያ፣ ሌላ እሳት ነው። ከቤንዚን ጋር ለመቀላቀል ደግሞ ውሃ የሚባል ነገር መቅረት የለበትም፤ በማፍላት ብቻ ከ95.6 በመቶ በላይ መሄድ አይቻልም፣ ከዚያ በኋላ ልዩ የማድረቂያ መሣሪያ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ የወጣ "ኤታኖል" የመኪናው ነዳጅ ታንከር ውስጥ የሚጨምር ሰው ካለ ውሃ እየጨመረ ነው።

አርሲ ነገሌን የሚያውቅ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ማየት አያስፈልገውም። በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ በዙሪያዋ ያለው ደን ከአረቄ ማውጫው ምድጃ ምን ያህል እንደደረሰበትም የታወቀ ነው። አረቄው በውድ ስለሚሸጥ አውጪዎቹን ያዋጣቸዋል። ለነዳጅ ብሎ ያንኑ ማድረግ ግን ደን አቃጥሎ የደኑን አንድ አምስተኛ መልሶ ማግኘት ነው።

"በኤሌክትሪክ ላፈላዋ" የሚልም አለ። አንድ ሊትር ለማውጣት ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላባችኋል። ያንኑ መብራት ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ብታውሉት ኖሮ ከኤታኖሉ የምታገኙትን ያህል ምግብ በቀጥታ ታበስሉ ነበር። ፀሐይ? ፀሐይ ሌላ ነገር ነው፣ ጥሩ የሙቀት መሰብሰቢያ ያለው ሰው ሒሳቡ ይቀየርለታል።

ታዲያ ኤታኖል የት ያዋጣል?

ሙቀቱ በነጻ ባለበት ቦታ። ይህን ለማየት ሁለት ቦታ እንሂድ።

አንደኛው ፊንላንድና ስዊድን ነው። ኤስቲ ዋን የተባለው የፊንላንድ የነዳጅ ኩባንያ ኤታኖሊክስ የሚላቸውን አነስተኛ ፋብሪካዎች ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራ፤ የመጀመሪያው ላፔንራንታ ላይ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነው፦ ፋብሪካው የሚተከለው ትርፍራፊው ያለበት ቦታ ነው፣ ከዳቦ መጋገሪያና ከምግብ ፋብሪካ የሚተርፈውን እዚያው አፍልቶ 85 በመቶ ኤታኖል ያደርገው ነበር፣ የመጨረሻውን ማድረቅ ግን ሃሚና ላይ ያለ አንድ ማእከል ለሁሉም ይሠራ ነበር። የቀረው አተላ ለከብት መኖ ይሄድ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስዊድን ጎተንበርግ ላይ ነዳጅ ማጣሪያው ግቢ ውስጥ ሌላ ተከሉ፣ የዓመት አቅሙ 5 ሚሊዮን ሊትር ነው፣ የሚጠቀመውም ከማጣሪያው የሚተርፈውን ሙቀት ነው። አያችሁ፣ ትርፍ ሙቀት ያለበትን ቦታ ፈልገው ነው የሄዱት።

ሁለተኛው እዚሁ ነው። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ (ስኳር ሲሠራ ከሚተርፈው ጥቁር ሽሮፕ) ኤታኖል ያመርታሉ፣ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አምስት በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ አሥር በመቶ አደገ። ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራውን ገለባ አቃጥሎ እንፋሎት ያመነጫል፣ እሳቱ በእጁ ነው። ሞላሰሱም ስኳር ስለሆነ ብቅል አይፈልግም።

ኤታኖል ሌላም ብልጫ አለው፦ በጀሪካን ይሄዳል። ባዮጋዝ ከተሠራበት ግቢ አይወጣም፣ ኤታኖል ግን መኪና ላይ ተጭኖ ክፍለ ሀገር ይደርሳል። ጅግጅጋ አጠገብ ባለው የቀብሪበያህ የስደተኞች ካምፕ ቤተሰቦች በኤታኖል ምድጃ እንዲያበስሉ የተደረገው ለዚህ ነው፤ ሴቶች እንጨት ፍለጋ ሩቅ ከመሄድ ዳኑ። ምድጃው ራሱ ደስ የሚል ዕቃ ነው። ጣሳው 1.2 ሊትር ይይዛል፣ ውስጡ ፈሳሹን እንደ ስፖንጅ የሚመጥ ቃጫ ስላለ ቢገለበጥም አይፈስም፣ በሙሉ እሳት አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። ጭስ የለም፣ ድስት አያጠቁርም። ኤታኖል ገዝቶ ማብሰል እደግፋለሁ። ቤት ውስጥ በእንጨት አውጥቶ ማብሰልን ነው የምቃወመው።

ባዮጋዝ

እዚህ እርሾ የለም። አየር በሌለበት ታንከር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ትርፍራፊውን አፍርሰው ሚቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ያወጣሉ። ስታርች፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ፕሮቲን፣ ሁሉንም ይበላሉ፤ እንዲያውም ብዙ ጋዝ የሚሰጠው ቅባቱ ነው። ማፍላት የለም፣ ማጣራት የለም፣ ጋዙ ራሱ ከፈሳሹ ተነጥሎ ወደ ላይ ይወጣል። የኤታኖልን ትርፍ የሚበላው ደረጃ እዚህ ጭራሽ የለም።

ከአሥር ኪሎ ድብልቅ የምግብ ትርፍራፊ አንድ ሜትር ኪዩብ ያህል ጋዝ ይገኛል። በአጋጣሚ አንድ ሜትር ኪዩብ ባዮጋዝና አንድ ሊትር ኤታኖል የሚይዙት ኃይል እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም 21 ሜጋጁል አካባቢ ናቸው፣ ለማነጻጸር እጅግ ይመቻል። ተራ የባዮጋዝ ምድጃ በዚያ ጋዝ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል። አሥር ኪሎው ንጹሕ እንጀራ ቢሆን ደግሞ ጋዙ ወደ ሁለት ሜትር ኪዩብ ይጠጋል፤ ያው እንጀራ በእርሾ 1.2 ወይም 1.5 ሊትር ነበር የሰጠን፣ እሳቱን ሳንቆጥር። በቡታጋዝ ሒሳብ 27 ሜትር ኪዩብ ባዮጋዝ አንድ የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር ይተካል።

በመጨረሻ የሚወጣው ዝቃጭ ማዳበሪያ ነው። ጎመን፣ ቡና፣ እንሰት ያለው ሰው ከጋዙ ይልቅ ዝቃጩን ሊወደው ይችላል።

አሁን ደግሞ ችግሮቹ፣ ምክንያቱም ባዮጋዝን ያለ ችግር የሚሸጥላችሁ ሰው አያጣም።

አንደኛ፣ ጅማሬው እበት ይፈልጋል። ባክቴሪያው ከእበት ነው የሚመጣው። ታንከሩን እበትና ውሃ ሞልታችሁ ጋዙ መንደድ እስኪጀምር ሳምንታት ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ነው ትርፍራፊውን ቀስ በቀስ የምትጨምሩት። ባዶ ታንከር ውስጥ እንጀራ ሞልቶ ጋዝ የጠበቀ ሰው የሚያገኘው የሚከረፋ አሲድ ነው። ከተጀመረም በኋላ በአንዴ ብዙ ዳቦ፣ ብዙ ማንጎ መጨመር ያኮመጥጠዋል፣ ባክቴሪያው ይታመማል። ሽታው ሲለወጥና ነበልባሉ ሲዳከም ምግቡን አቁሙ፣ ጥቂት እበት ጨምሩ፣ ጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ብርድ አይወድም። ባክቴሪያው የሚመቸው 35 ዲግሪ ነው። አዳማና ድሬዳዋ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ ላይ ታንከሩ መሬት ውስጥ መቀበር ወይም መሸፈን አለበት፣ መጠኑም ትልቅ መሆን አለበት፤ ትርፍራፊው ውስጡ ሁለት ወር ያህል ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ጋዙ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ብረትም ይበላል። ጋዙ ወደ ምድጃ ከመድረሱ በፊት የዛገ የብረት ብናኝ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ቢያልፍ ሽታው ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ያንን ሽታ ካገኛችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ክብሪት አትጫሩ።

አራተኛው ሁሉንም ይበልጣል፦ ባለቤት ይፈልጋል። አገር አቀፉ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 10 ሜትር ኪዩብ ማብላያዎችን (የባዮጋዝ ታንከሮችን) አስገንብቷል፣ አብዛኞቹ በከብት እበት የሚሠሩ። ሥራ ያቆሙትም ብዙ ናቸው። ውሃ ይጠፋል፣ ከብቱ ይሸጣል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ የሚጠግን ሰው አይገኝም። በየቀኑ የሚመግበው ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቁ ጉድጓድ አታስቆፍሩ።

እንጀራውስ?

ይህን ሳትሰሙ እንዳትወስኑ። በኛ ቤት ትልቁን ነዳጅ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። የምጣዱ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ሙቀቱም በሙሉ ገጹ እኩል መዳረስ አለበት። ተራ የባዮጋዝ ምድጃ 2.4 ኪሎዋት ያህል ነው የሚሰጠው፣ ያም መሐል ላይ ተሰብስቦ፤ የኤታኖል ምድጃም ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ ሁለቱም ለወጥ፣ ለሽሮ፣ ለቡና፣ ለሻይ፣ ለገንፎ ናቸው። "እንጀራ ጭምር እጋግራለሁ" ብላችሁ ካሰባችሁ ለምጣድ የተሠራ ሰፊ ማንደጃ ያስፈልጋችኋል፣ ጋዙም በዚያው ልክ ይጨምራል። ለእንጀራው መብራት ካለ መብራት ይሁን።

ሌሎቹ በአጭሩ

የተጠበሰበት ዘይት ካላችሁ እሱን ለብቻው ያዙት። እርሾም አይነካውም። ዘይቱን ከሜታኖልና ከካስቲክ ሶዳ ጋር አገናኝቶ ባዮዲዝል ማድረግ ይቻላል፣ ለአንድ ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ያህል ሜታኖል ይገባል፣ የሚወጣውም ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። ሜታኖል ግን ዓይን የሚያጠፋ፣ ሰው የሚገድል መርዝ ነው፣ ትነቱም ይቀጣጠላል፣ ማድ ቤት ውስጥ አይገባም። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ የምንጠቀመው ዘይት በብዛት ፓልም ነው። የፓልም ባዮዲዝል ከ15 ዲግሪ በታች መደፍረስ ይጀምራል። የአዲስ አበባ ጠዋት ከዚያ በታች ስለሆነ መኪናው ጠዋት ማጣሪያው ተደፍኖ ይቆማል። ቆላ ላለ ጄኔሬተር ይሆን ይሆናል። ጥቂት ዘይት ከሆነ ባዮጋዙ ውስጥ በትንሽ በትንሹ መጨመር ይበቃል፣ ጋዙን ያበዛዋል።

ማቃጠልን በተመለከተ፣ ረጲ ላይ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 25 ሜጋዋት አቅም ያለው ፋብሪካ ለከተማው ድብልቅ ቆሻሻ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ከሞተ በኋላ የቆሻሻ ነገር ለማንም ቀልድ አይደለም። ግን የምግብ ትርፍራፊ ሰባ በመቶው ውሃ ነው። ውሃ ማቃጠል አይቻልም፣ መጀመሪያ ማድረቅ ግድ ነው። የምግብ ትርፍራፊን ከላስቲኩና ከወረቀቱ የለየ ሰው ለማቃጠያውም ውለታ ይውላል።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ቤተሰብ፦ ሁለቱንም አትሞክሩ። ከአንድ ቤት በቀን የሚወጣው አንድ ሁለት ኪሎ ነው፣ ከእሱ የሚገኘው ጋዝ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይነድም፣ ቦታም የለም። ኮምፖስት አድርጉት ወይም ከብት ላለው ሰው ስጡት። ሕንፃው በሙሉ ተባብሮ ግቢው ውስጥ አንድ ማብላያ ቢያስቀምጥ ግን ሌላ ወሬ ነው፣ ኮሚቴው ጠንካራ ከሆነ።

ግቢ ያለው፣ ሁለት ላም ወይም ዶሮ ያለው፣ ከጎረቤት ጋር በቀን አምስት ኪሎ የሚሰበስብ ቤት ባዮጋዝ ይምረጥ። አምስት ኪሎ ትርፍራፊ ከአምስት ሊትር ውሃ ጋር በቀን አሥር ሊትር ነው፤ ለሁለት ወር ሲቆጠር 600 ሊትር፣ ለጋዙ ቦታ ሲታከል ከ1,000 እስከ 1,500 ሊትር የሚይዝ ታንከር ይበቃል። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እሳት ታገኛላችሁ። እበቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጣል።

ሆቴል፣ የዩኒቨርሲቲ ካፍቴሪያ፣ ሆስፒታል፣ ወታደር ቤት፦ ያለ ጥርጥር ባዮጋዝ። በቀን 200 ኪሎ ትርፍራፊ የሚወጣበት ካፍቴሪያ በቀን 20 ሜትር ኪዩብ ጋዝ ያገኛል፣ ያ ከዘጠኝ ኪሎ ቡታጋዝ ጋር እኩል ነው፣ በአራት ቀን ሦስት ሲሊንደር ማለት ነው። እኩል ውሃ ተጨምሮበት ለሁለት ወር ሲቆጠር ማብላያው 24 ሜትር ኪዩብ የፈሳሽ ቦታ ይፈልጋል። እነዚህ ተቋማት ቆሻሻውን ለማስወጣት ገንዘብ እየከፈሉ፣ ጋዙን ለመግዛት ደግሞ ሌላ ገንዘብ እየከፈሉ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ወጥ ቤቱና ገንዳው በአንድ ግቢ ናቸው፣ የጎደለው ቱቦ ብቻ ነው።

ዳቦ መጋገሪያ፦ እዚህ ላይ ነው ኤታኖል እውነተኛ ተፎካካሪ የሚሆነው። ትርፍራፊው ንጹሕ ነው፣ አንድ ዓይነት ነው፣ ዘይትና ወጥ የለበትም፣ ከሁሉም በላይ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ሲነድ በጭስ ማውጫው የሚወጣ ሙቀት አለ። በቀን 50 ኪሎ የማይሸጥ ዳቦ ያለው መጋገሪያ 12 ሊትር ያህል ኤታኖል ማውጣት ይችላል፣ ያንን ሙቀት መያዝ ከቻለ። ካልቻለ ዳቦውን ለመኖ ይሽጠው፣ የተሻለ ብር ያገኛል። ይህንን በግልጽ ማስላት ያለበት ባለቤቱ ነው፦ የመኖ ዋጋ፣ የብቅል ዋጋ፣ የኤታኖል ገበያ።

ጁስ ቤት ከሆናችሁ የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ቃጫው ብዙ፣ ለባዮጋዝ ይሂድ። ማንጎ በገፍ የሚበሰብስበት ወቅትና ቦታ ላይ፣ አርባ ምንጭ አካባቢ ሙዝ ከጭነት በኋላ በሚጣልበት ሁኔታ ግን፣ ማኅበር ፈጥሮ አንድ አነስተኛ የኤታኖል ማውጫ መትከል ያስኬዳል፤ ሙቀቱ ከባዮጋዝ ይምጣ። ይህ የኔ ምርጫ ነው፦ ስኳሩን ለእርሾ፣ ከማውጫው የሚቀረውን አተላ ለማብላያው፣ ከማብላያው የሚወጣውን ጋዝ መልሶ ለማውጫው ምድጃ። ከአንድ ሊትር ኤታኖል ኋላ አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ አተላ ይቀራል፣ እሱን ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ማውጫ ወንዙን ይገድላል።

ኤታኖል ከመረጣችሁ

ከትርፍራፊ የወጣ አልኮል አይጠጣም። የፍራፍሬ ልጣጭ ሲቦካ ትንሽ ሜታኖልም ይወጣል፣ የሻገተው ምግብ ደግሞ ሌላ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ሰው እንዳይሳሳት ቀለምና መራራ ነገር ይግባበት፣ የውሃ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ጠፍቷል ብሎ የሚነድ ምድጃ ላይ የሚሞላ ሰው ይቃጠላል። ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ሙላቱ ደጅ ይሁን። ለሽያጭ ከሆነ ደግሞ አልኮል ማምረት ፈቃድና ግብር ያለበት ሥራ ነው፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ንግድ ቢሮ ጠይቁ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

አንድ ሳምንት ሦስት ባልዲ አስቀምጡ። አንዱ ውስጥ ንጹሕ ዳቦና እንጀራ፣ አንዱ ውስጥ ወጥ የነካውና ልጣጩ፣ ሦስተኛው ውስጥ ዘይት። በየማታው መዝኑና ጻፉ። የመጀመሪያው ባልዲ ከከበደና ምድጃችሁ የሚያባክነው ሙቀት ካለ ኤታኖልን አስቡ። ሁለተኛው ከከበደ የቱ ጋ እበት እንደሚገኝ ማጠያየቅ ጀምሩ። ሳምንቱን ሙሉ ሦስቱንም ባልዲ ያለማቋረጥ የመዘነው ሰው ማን እንደሆነም ልብ በሉ፤ ማብላያውን የምታስረክቡት ለእሱ ነው።